አሮጌ መንገድ የሌለው ኬላ

(የመኪና ብድር ወርሃዊ ክፍያ በስልክ ሲከፈል ስለሚጨመረው ክፍያ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ለሚኒባስ፣ ለአይሱዙና ለባጃጅ ባለንብረቶችና ሹፌሮች የተደረገ ንግግር። ከጥቂት ማሳጠር በቀር እንደተነገረ ቀርቧል።)

እንደምን አረፈዳችሁ? ጤና ይስጥልኝ! አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬን ገቢ ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። መኪናውን ደጅ አቁሞ የገባ ሰው ልቡ ደጅ ነው፤ ስለዚህ አላንዛዛም። እዚያ ኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ፣ ግቡ እንጂ።

የምናገረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ወርሃዊ ክፍያችሁን በስልክ ስትከፍሉ የሚቆረጠው ገንዘብ ለማን ለማን እንደሚሄድ። ሁለተኛ፣ ያቺ ትንሽ ቁራጭ እንዴት ወደ ቅጣትና ወደ ተያዘ ሊብሬ እንደምትደርስ። ሦስተኛ፣ ሕግ አውጪው ምን ቢደነግግ እንደሚበጅ። ሁለተኛው ላይ ረዘም እላለሁ፤ ገንዘባችሁ የሚያልቀው እዚያ ስለሆነ።

ከዚህ አዳራሽ ወጣ ስትሉ የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ መግቢያ አለ። ስትገቡ ካርድ ትወስዳላችሁ፤ ስትወጡ በመኪናችሁ ዓይነትና በሄዳችሁበት ርቀት ትከፍላላችሁ። ታሪፉን ታውቁታላችሁ። አልከፍልም ያለ ሰውስ? በአቃቂ፣ በዱከም አድርጎ በአሮጌው መንገድ ቢሾፍቱ ይገባል። ይዘገያል፣ ሲኖትራክ ኋላ ይሰለፋል፣ ግን መንገድ አለው። ፈጣኑ መንገድ የሚያስከፍለው ለምቾት ነው ብንል ያስኬዳል፤ ምቾቱን ያልፈለገ የሚሄድበት አለውና።

አሁን ልጠይቃችሁ። የመኪና ብድራችሁን ስትከፍሉ አሮጌው መንገድ የት ነው? አበዳሪያችሁ «በዚህ መተግበሪያ ብቻ ክፈሉ» ካለ፣ ወይም ጥሬ ገንዘብ የሚቀበለው መሀል ከተማ ባለ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ከሆነ፣ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከገላን ተነስቶ ግማሽ ቀን ሥራ ፈትቶ የሚሄደው ማነው? ማንም አይሄድም። ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው፤ ደጋግሜ እመለስበታለሁ። አበዳሪን አንዴ ትመርጡታላችሁ፣ ስትፈርሙ። ከፈረማችሁ በኋላ የክፍያውን በር የሚመርጠው እሱ ነው። በሩ ላይ ሃያ ብር ቢጨምር ወደ ሌላ አበዳሪ ጥላችሁ አትሄዱም። ገበያ ዋጋ የሚያወርደው ገዢው ጥሎ መሄድ ሲችል ነው። እዚህ መሄጃ የለም። ስለዚህ ገበያው ያወርደዋል የሚለው መልስ ለዚህች ክፍያ አይሠራም።

ወደ አንደኛው እንሂድ። ስልካችሁን አውጡ፤ እውነቴን ነው፣ አውጡ። የመጨረሻውን የክፍያ መልእክት ክፈቱ። አብዛኞቹ መልእክቶች ላይ ቢያንስ ሦስት ቁጥር ታያላችሁ፤ የተላከው ገንዘብ፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ ከዚያ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ። ታክሱ የሚታሰበው በአገልግሎት ክፍያው ላይ እንጂ በወርሃዊ ክፍያችሁ ላይ አይደለም። የአገልግሎት ክፍያው 10 ብር ከሆነ ታክሱ 1 ብር ከ50 ነው። ከዚያ በላይ ከተጻፈ ሌላ ነገር ተደምሯል ማለት ነውና ጠይቁ።

ለመሆኑ የአገልግሎት ክፍያ የሚባለው ለማን ነው? ሦስት እጅ አለው። የመጀመሪያው ገንዘቡ የወጣበት ባንክ ወይም ዋሌት፣ ማለትም የስልክ ገንዘብ ሂሳብ፣ ነው፤ ቴሌብርም ይሁን የባንክ ሞባይል መተግበሪያ፣ የራሱ ታሪፍ አለው። ሁለተኛው ገንዘብ ከአንድ ተቋም ወደ ሌላ ሲሻገር መሀል ላይ ያለው ማስተላለፊያ ነው፤ ባንኮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው ኢትስዊች እዚህ ይገባል። እነዚህ ሁለቱ እውነተኛ ወጪ አላቸው፤ አልከራከርም። ሦስተኛው እጅ አበዳሪው ራሱ ነው። «በኤሌክትሮኒክ ስለከፈልክ» ብሎ የሚጨምረው። ሌላው አገር የምቾት ክፍያ ይሉታል። እኛ ጋ ስሙ ብዙ ነው፤ የሲስተም፣ የማስተናገጃ፣ አንዳንዴ ዝም ብሎ «ልዩ ልዩ»። ስሙ ሲበዛ ተጠንቀቁ።

እስቲ አስቡት። ባለንብረቱ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መስኮት ላይ ቢቆም ገንዘብ ቆጣሪ፣ ደረሰኝ፣ ካዝና፣ ጥበቃ ያስፈልጋል። በስልክ ሲከፍል ይሄ ሁሉ ለአበዳሪው ይቀርለታል። ምቾቱ የማን ሆነና ነው ከፋዩ የሚከፍለው? ትንንሽ አበዳሪዎች ለመካከለኛ የክፍያ ድርጅት በእርግጥም ይከፍላሉ፤ ያንን ወጪ በማስረጃ ቢያሳዩ ይገባኛል። ከወጪው በላይ የሚወሰደው ነው ጥያቄው።

ለማንኛውም ቁጥር እንያዝ። አንድ የሚኒባስ ባለቤት 1,200,000 ብር በዓመት 18 በመቶ ወለድ ለ48 ወር ተበደረ እንበል። እኩል እኩል ሲከፈል በወር 35,250 ብር ይመጣል። አበዳሪው የሚያስከፍለው በእያንዳንዱ ክፍያ 10 ብር ከሆነ፣ ከታክሱ ጋር 11 ብር ከ50፤ በ48 ወር 552 ብር። ይህ ማንንም አይሰብርም። አሁን ደግሞ «አንድ በመቶ ብቻ» አለ እንበል። አንድ በመቶ ምናላት? 352 ብር ከ50 ናት፤ ታክሷ 52 ብር ከ88፤ በወር 405 ብር ከ38። በ48 ወር 19,458 ብር! የጎማ ዋጋ በሉት። በወለድ ቋንቋ ስናወራው ደግሞ 18 በመቶ ተብሎ የተፈረመው ብድር 18.6 በመቶ ገደማ ሆነ ማለት ነው። ውሉ ላይ 18 ነው የተጻፈው። የወለዱን ግማሽ በመቶ ለማስቀነስ ሁለት ሳምንት የተከራከረ ሰው፣ ከዚያ የሚበልጠውን በዚህች በር ያስገባል።

በመቶኛ ማስከፈልን የሚያጸድቅ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም። 3,000 ብር የባጃጅ ክፍያና 35,000 ብር የሚኒባስ ክፍያ ሲስተሙ ላይ የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው። ያው አንድ መልእክት፣ ያው አንድ መዝገብ።

ግን ቁርጥ ክፍያም፣ በላካችሁ ቁጥር እኩል የሚቆረጠው፣ ጣጣ አለው፤ እዚህ ላይ በየቀኑ የምትከፍሉ አድምጡኝ። ሹፌር ማታ ገቢ ሲያስገባ ባለንብረቱ እጁ ላይ እንዳይቀልጥ በየቀኑ ወደ ብድሩ ይልካል። ብልህነት ነው። ነገር ግን በወር 26 ቀን ከላከ 26 ጊዜ 11 ብር ከ50፣ 299 ብር ይሆናል። በ48 ወር 14,352 ብር። ስለዚህ በየቀኑ የምትቆጥቡ ሰዎች፣ ገንዘቡን በራሳችሁ ዋሌት ወይም ለብቻ በተከፈተ የቁጠባ ሂሳብ አጠራቅማችሁ በወር አንዴ ላኩት። የዋሌቱ የቀን ጣሪያ ካገዳችሁ ግን ከባንክ ሂሳብ ላኩ፤ ጣሪያው ክፍያውን ለሁለት ሲከፍለው ሁለት ጊዜ ትቆረጣላችሁና።

አሁን ሁለተኛው ነጥብ። እዚህ ላይ ስልካችሁን አስቀምጡ።

ብዙ ሰው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከክፍያው መጠን አይደለም። ክፍያው ከየት እንደሚነሳ ነው። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከላይ የሚደመር ነው፤ 35,250 ስትልኩ ከሂሳባችሁ 35,261 ብር ከ50 ይወጣል፤ አበዳሪው ጋ 35,250 ሙሉ ይደርሳል። ሌላው ከውስጥ የሚቀነስ ነው፤ 35,250 ትልካላችሁ፣ 11 ብር ከ50 መንገድ ላይ ይቀራል፣ አበዳሪው ጋ 35,238 ብር ከ50 ይደርሳል። እናንተ «ከፈልኩ» ብላችሁ ተኝታችኋል። ሲስተሙ ግን «ጎደለ» ብሎ መዝግቧል።

11 ብር ከ50 ጎደለ። ምን ይመጣል? ሲስተሙ ቅጣቱን በጎደለው 11 ብር ላይ ብቻ ካሰበ ምንም አይደለም። ነገር ግን ሙሉ ክፍያው እንዳልተከፈለ ቆጥሮ በ35,250 ላይ እንዲያስብ የተሞላ ከሆነ፣ በዓመት 3 በመቶ ቅጣት ብቻ እንኳ ለ30 ቀን 86 ብር ከ92 ነው። በሚቀጥለው ወር እንደ ልማዳችሁ 35,250 ላካችሁ። ያው 11 ብር ከ50 መንገድ ላይ ቀረ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ ተበዳሪ የሚከፍለው ገንዘብ በመጀመሪያ ለወጪ፣ ቀጥሎ ለወለድ፣ በመጨረሻ ለዋናው ዕዳ ነው የሚታሰበው። ስለዚህ ቅጣቱ ቀድሞ ይበላል፣ ያለፈው ጉድለት ይከተላል፣ የዚህ ወር ክፍያ አሁን 109 ብር ከ92 ይጎድላል። ከ11 ብር ወደ 109 ብር፣ በአንድ ወር። ሦስተኛውን ወር እናንተው አስሉት። ባለንብረቱ በየወሩ ሳያጓድል ልኳል፤ መዝገቡ ላይ ግን በየወሩ ዘግይቷል። በሚቀጥለው ሌላ መኪና ልበደር ሲል የብድር ታሪኩ ላይ ይሄ ይነበባል።

መጨረሻ ላይስ? 48ኛውን ወር ከፍሎ፣ ባለ ዕዳነቱ አብቅቶ፣ ክሊራንስና ሊብሬውን ሊወስድ ይሄዳል። «ቀሪ አለብህ» ይባላል። ስንት? አያውቀውም። መንገድ ትራንስፖርት ላይ ያለው ዕገዳ አይነሳም፤ መኪናውን ሊሸጥ ቀብድ የተቀበለ ከሆነ ገዢው ይቆጣል። ነገሩ ከባንክ ጋር ከሆነ ደግሞ ሕጉ ባንክ መያዣውን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። በካፒታል ዕቃ ኪራይ፣ በአዋጅ 103/1990 መሠረት፣ መኪና የወሰዳችሁ ከሆነ የመኪናው ባለቤትነት ራሱ እስከ መጨረሻው የአከራዩ ነው። ለ100 ብር ብሎ መኪና የሚሸጥ የለም፤ አላስፈራራችሁም። ግን ጉልበቱ በማን እጅ እንደሆነ እወቁ።

ወለድ በሌለው አገልግሎት የገዛችሁም፣ እኛን አይመለከትም አትበሉ። ትርፉ አስቀድሞ ተቆርጦ ይሆናል፤ የክፍያ በሩ ግን ያው በር ነው።

ሌላ የሚያበላሽ ነገር አለ፤ ስም። ብድሩ በሚስት ስም ነው፣ ገንዘቡን የላከው ሹፌሩ ነው፣ «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ የጻፈው የታርጋ ቁጥር ነው። አበዳሪው ጋ ያለው ሠራተኛ 35,250 ብር ከማያውቀው ሰው ገባለት። የት ያስቀምጠዋል? ባለቤቱ ያልታወቀ ገቢ የሚቀመጥበት ሂሳብ አለ፤ እዚያ ይቀመጣል። ገንዘቡ አበዳሪው እጅ ነው፣ ዕዳው ግን አልቀነሰም። «ምክንያት» ላይ የብድር ቁጥሩን ጻፉ። ታርጋ አይደለም፣ «የመኪና» አይደለም፣ «ወርሃዊ» አይደለም። የብድር ቁጥር! ለሹፌሩም በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፤ በቃል አትንገሩት።

ኔትወርክ ሲቆራረጥ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ «አልተሳካም» ይላል፣ እንደገና ትጫናላችሁ፣ ማታ ሁለቱም ሄዶ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛው 35,250 ይመለስ ይሆናል ወይም ለሚቀጥለው ወር ይያዛል። ሁለተኛው የአገልግሎት ክፍያስ? እሱን አስመልሱ ካላላችሁ ማንም አያስታውሰውም። «አልተሳካም» ሲላችሁ መጀመሪያ ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ፣ ከዚያ ነው ድጋሚ መጫን።

ደግሞ የቀን መቁጠሪያ ነገር አለ፤ ይቺን ብዙ ሰው አያያትም። እናንተ በኛ አቆጣጠር በየወሩ በ25 ትከፍላላችሁ እንበል። ሲስተሙ ግን የተሞላው በፈረንጅ ነው፤ በየወሩ 3ኛው ቀን ብሎ። ታኅሣሥ 25 ጃንዋሪ 3 ላይ ይውላል፤ ደህና። ጥር 25 ፌብሩዋሪ 2 ነው፤ ቀድማችኋል። መስከረም 25 ግን ኦክቶበር 5 ነው፤ በእናንተ ቤት በሰዓቱ፣ በሲስተሙ ሁለት ቀን ዘግይታችኋል። ጳጉሜን ስላለች ከነሐሴ 25 እስከ መስከረም 25 ያለው 35 ቀን ነው። ስለዚህ የክፍያ ሠንጠረዡን በሁለቱም አቆጣጠር አስጽፉ፤ የመጨረሻዋን ቀን አትጠብቁ፣ በተለይ እሁድና በዓል ከሆነች። ገንዘቡ ከእናንተ የወጣው እሁድ ቢሆንም ሰኞ ሊመዘገብ ይችላል።

ሦስተኛው ነጥብ። ምን ይደረግ? ሕግ የለም ማለት አይደለም። የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 አለ፤ በ2015 በአዋጅ 1282 ተሻሽሏል። የክፍያ ሥርዓቱን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው። የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያም በፈረንጅ 2020 አውጥቷል፤ ክፍያዎችን አስቀድሞ ስለ ማሳወቅና ቅሬታ ስለ መቀበል ይናገራል። ቅሬታ ሲኖራችሁ መጀመሪያ ለተቋሙ በጽሑፍ፣ መልስ ካጣችሁ ወደ ብሔራዊ ባንክ። በጽሑፍ ያልኩትን ልብ በሉ፤ መስኮት ላይ መጮህ ቅሬታ አይባልም። የጎደለው ለይቶ የብድር መክፈያ በርን የሚያስተካክል ድንጋጌ ነው።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ? አሜሪካ ውስጥ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በፈረንጅ 2022 ለዕዳ ሰብሳቢዎች «ውሉ በግልጽ ካልፈቀደ ወይም ሕግ ካልፈቀደ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ለሚከፈል ክፍያ ተጨማሪ ማስከፈል አትችሉም» የሚል ትርጓሜ ሰጠ። የመኪና ብድር ሰብሳቢዎችንም ሲመረምር ከወጪያቸው እጅግ የበለጠ የማስተናገጃ ክፍያ ሲወስዱ አግኝቷል፤ የተቸው ተበዳሪው አንዴ ከታሰረ በኋላ መሄጃ የለውም ብሎ ነው። ነገር ግን ያ ትርጓሜ በ2025 ተነሳ። ከዚህ የምወስደው፣ የአንድ ቢሮ ትርጓሜ ዕድሜው አጭር ነው፤ በመመሪያ በግልጽ ይጻፍ። የአውሮፓ ኅብረት ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ ነጋዴ ሸማቹን በተለመዱት ካርዶች ስለከፈለ ጭማሪ እንዳያስከፍል ከልክሏል። ህንድ ደግሞ ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ዩፒአይ በሚባለው የአገሪቱ የስልክ ክፍያ ሥርዓት ሲከፈል ከነጋዴው የሚቆረጠውን ኮሚሽን ዜሮ አድርጋለች፤ እዚያም ቢሆን ወጪውን ማን ይሸከም የሚለው ክርክር አልበረደም፤ ነፃ የሚባል ሲስተም የለምና።

እኔ ሙሉ ክልከላ አልጠይቅም። የምጠይቀው ይሄንን ነው። እያንዳንዱ አበዳሪ ያለ ጭማሪ የሚከፈልበት አንድ መንገድ ይኑረው፤ ግን የምር መንገድ፣ ቱሉ ዲምቱ ያለ ሰው በሥራ ቀን የሚደርስበት። አሮጌው መንገድ ማለት ነው። ጭማሪ ካለ በብር ይጻፍ፣ ውሉ ላይ ከወለዱ አጠገብ ይጻፍ፣ አበዳሪው ከሚያወጣው ወጪ አይብለጥ። በወሩ ክፍያ አንዴ ይቆረጥ እንጂ በላኩበት ቁጥር ልክ አይቆጠር። ከወርሃዊ ክፍያው ውስጥ ፈጽሞ አይቀነስ፤ ለብቻው ይታይ። የክፍያ ቀን ገንዘቡ ከከፋዩ የወጣበት ቀን ይሁን። በእንዲህ ዓይነት ጉድለት ላይም ቅጣት አይታሰብ።

የባንክ ሰዎች «ብትከለክሉን ወለዱ ላይ እንጨምረዋለን» ይላሉ። ይጨምሩት! ወለድ ይታያል። ወለድ ላይ ሰው ይከራከራል፣ ሦስት አበዳሪ ጋ ሄዶ ያወዳድራል። ኬላው ላይ የተደበቀውን ማን ያወዳድረዋል? ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ እንኳ በስልክ ነው የምትቀዱት። ሥራችሁ ሁሉ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ስልክ መጠቀምን እንደ ቅንጦት ቆጥሮ ማስከፈል ከጊዜው ጋር አይሄድም።

እስከዚያው በእጃችሁ ያለውን አድርጉ። በየሦስት ወሩ ስቴትመንት ጠይቁ፤ «የተከፈለ» የሚለውን ሳይሆን «የጎደለ» የሚለውን ዓምድ አንብቡ። የስልኩን መልእክት አታጥፉ፤ ስልክ ይሰረቃልና የማረጋገጫ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉ። ከውስጥ የሚቀንስ በር ከሆነ እስኪስተካከል ድረስ የሚቆረጠውን ጨምራችሁ ላኩ፤ በእኛ ምሳሌ 35,262 ብር መላክ ነው። ተሸንፎ መክፈል ይመስላል፣ አውቃለሁ፤ ግን በ12 ብር ያንን የቅጣት ሰንሰለት ትቆርጡታላችሁ።

የብድር ውላችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ እጃችሁን አውጡ። አምስት፣ ስድስት… ጥሩ። ወደዚህ ጠረጴዛ ጠጋ በሉ፤ ሌሎቻችሁም ቁሙና እዩ። የመጀመሪያውን ውል እዩልኝ፣ «ልዩ ልዩ ወጪዎች» የሚል አንቀጽ አለው? አለ። እስቲ እሱን ጮክ ብለው ያንብቡልን፣ እማማ።